የድሮ የዝናብ መረጃና የሳተላይት ምስል ስትጠቀሙ፦ የትኛውን ምንጭ ትመርጣላችሁ? እንዴትስ ትጠቅሱታላችሁ?

በ2015 እ.ኤ.አ. ኤልኒኞ ክረምቱን ባዳከመበት ዓመት ኮምቦልቻ ላይ ስንት ሚሊሜትር ዘነበ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን እንደ ጠየቃችሁት ምንጭ ይለያያል። የጣቢያው መዝገብ አንድ ቁጥር ይሰጣችኋል። ከሳተላይት የተሰላው ሌላ ቁጥር ይሰጣችኋል። በኮምፒውተር ሞዴል የተሰራው ደግሞ ሦስተኛ ቁጥር ይዞ ይመጣል። ማንም አልዋሸም። አንዱ የለካው አንድ ግቢ ውስጥ የወረደውን ዝናብ ነው፤ ሌላው የገመተው የብዙ ኪሎ ሜትር ቦታን አማካይ ነው።

እንግዲህ ከግራፉ ሥር «ምንጭ፦ ኢንተርኔት» ወይም «ምንጭ፦ ናሳ» ብቻ ተብሎ ሲጻፍ አንባቢው የቱን እያየ እንደሆነ በምን ይወቅ? እንዲህ ያለ መስመር በመመረቂያ ጽሑፍም፣ በድርጅት ሪፖርትም፣ በጋዜጣም ላይ አያለሁ። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ብዙ የተለፋበት ሥራ በአንድ መስመር ስንፍና ተአማኒነቱን ያጣል።

የኔ መስፈርት አንድ ነው። ምንጭ ስትመርጡ ገና ከመጀመሪያው «ይህን በትክክል መጥቀስ እችላለሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሌላ ሰው ዱካችሁን ተከትሎ ያንኑ ቁጥር ወይም ያንኑ ምስል ማግኘት ከቻለ ምንጩ ጥሩ ነው። ካልቻለ ግን ቁጥሩ የቱንም ያህል ቢያምር ሌላ ፈልጉ።

ስለ አንድ ከተማ ከሆነ፦ የጣቢያ መዝገብ

ስለ አንድ ከተማ ወይም ወረዳ የምትጽፉ ከሆነ ከጣቢያ መዝገብ የሚበልጥ የለም። ታዛቢው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መለኪያው ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ አይቶ የጻፈው ቁጥር ነው። እዚህ አገር የዚህ መዝገብ ባለቤት የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ተቋሙ በአዋጅ ቁጥር 201 በ1980 እ.ኤ.አ. ራሱን ችሎ የቆመ ሲሆን ከዚያ ወዲህ ስሙ ተቀያይሯል። በቀድሞ ስሙ፣ ማለትም በብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ ኤጀንሲ ዘመን የወሰዳችሁት መረጃ ካለ፣ በዚያው ስም ጥቀሱትና የአሁኑን ስም አጠገቡ ጻፉ። አለበለዚያ አንባቢው ሁለት መሥሪያ ቤት ያለ ይመስለዋል።

ድክመቱም ግልጽ ነው። መዝገቡ ክፍተት አለበት። በጦርነት፣ በመሣሪያ ብልሽት ወይም በሰው ጉድለት ወራት ይጎድላሉ። መረጃው በአብዛኛው በደብዳቤ ተጠይቆ የሚሰጥ ስለሆነ አንባቢው እንደ ድረ ገጽ ከፍቶ አያየውም። ስለዚህ ጥቅሱ ከሌሎቹ ይልቅ ዝርዝር ይፈልጋል። እንዲህ ቢጻፍ እወዳለሁ፦

«ምንጭ፦ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ኮምቦልቻ ጣቢያ፣ የዕለት ዝናብ ከ1981 እስከ 2015 እ.ኤ.አ.፤ በጽሑፍ ጥያቄ የተገኘ፣ መጋቢት 2016 ዓ.ም.። የጎደሉ ቀናት አልተሞሉም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለሏት። የጎደለውን ከሞላችሁ ደግሞ በምን ዘዴ እንደሞላችሁ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ በከፊል የእናንተ ነውና።

«የዝናብ ቁጥር የማንም አይደለም፤ ለምን እጠቅሳለሁ?» የሚል ክርክር እሰማለሁ። በሕጉ በኩል ትንሽ እውነት አለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ተራ መረጃን አይጠብቅም። ነገር ግን መረጃውን ስትወስዱ የተስማማችሁበት ሁኔታ ካለ፣ ለምሳሌ ለሦስተኛ ወገን አታስተላልፉ ከተባላችሁ፣ እሱ ያስራችኋል። ከሕጉ በላይ ደግሞ ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቀበት ለዓመታት የመዘገበ ሰው አለ። ጣቢያውን በስሙ መጥራት ቢያንስ ለእሱ ልፋት የሚገባ ነገር ነው።

ኢንስቲትዩቱ ጋ መሄድ ያልቻለ፣ በተለይ ውጭ አገር ያለ ሰው፣ የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር፣ በአጭሩ ኖኣ፣ የሚያስቀምጠውን የዓለም ጣቢያዎች የዕለት መዝገብ በነፃ ያገኛል። ከ180 አገሮችና ግዛቶች የተሰበሰበ ከ100,000 ጣቢያ በላይ አለበት። የኢትዮጵያ ድርሻው ግን ቀጭን ነው፤ ክፍተቱም ብዙ ነው። ከዚህ ከወሰዳችሁ የጣቢያውን መለያ ቁጥር፣ የመዝገቡን ስሪት፣ ያወረዳችሁበትን ቀን፣ ዲኦአይ የሚባለውን ቋሚ የዲጂታል መለያ ቁጥሩንና መዝገቡን ያስተዋወቀውን የሜኔና ባልደረቦቹን የ2012 ጽሑፍ ጥቀሱ። «ምንጭ፦ ኖኣ» ብቻ ማለት «ምንጭ፦ መንግሥት» እንደማለት ነው።

ሰፊ አካባቢ ከሆነ፦ ቺርፕስ

ስለ ወሎ በሙሉ ወይም ስለ ሶማሌ ክልል የሠላሳ ዓመት ዝናብ የምትጽፉ ከሆነ ጥቂት ጣቢያዎች አይበቁም። እዚህ ላይ የኔ ምርጫ ቺርፕስ ነው። በሳንታ ባርባራ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የአየር ንብረት አደጋዎች ማዕከል ከአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት ጋር ያዘጋጀው ነው። የሳተላይት ግምትን ከጣቢያ ልኬት ጋር ያዋህዳል። ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ አካባቢውን በሳጥን ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ሳጥን አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ የአንዱ ሳጥን ጎን 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፊውስ ኔት ለሚባለው የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ሥራ ታስቦ የተሰራ ነው። ፊውስ ኔት ራሱ የተመሠረተው በ1985 እ.ኤ.አ.፣ እኛ የ77 ድርቅ የምንለውን እልቂት ተከትሎ ነው። ከእኛ ጉዳይ ጋር ያለው ዝምድና ቅርብ ነው።

አዘጋጆቹ የቅጂ መብታቸውን ትተው መረጃውን ለሁሉም ክፍት አድርገውታል። በሕግ የሚያስገድዳችሁ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ቢሆንም የፈንክና ባልደረቦቹን የ2015 ጽሑፍ መጥቀስ የሙያው ወግ ነው። ዋናው ነገር ግን የስሪት ቁጥሩ ነው። ስሪት 2 ለዓመታት ሲያገለግል ቆይቶ አሁን ስሪት 3 ወጥቷል። የሁለቱ ቁጥሮች አንድ አይደሉም። «ቺርፕስ» ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ ከአምስት ዓመት በኋላ ሥራችሁን የሚያጣራ ተማሪ ለምን ውጤቱ እንዳልገጠመለት ሲያስብ ይከርማል።

ከ1981 በፊት ከሆነ

እዚህ ላይ ሁለት ስሞች ይነሳሉ። ኢራ-5 እና ሲአርዩ።

ኢራ-5 የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል ሥራ ነው። ዘመናዊ የትንበያ ሞዴል ወደኋላ ተመልሶ፣ የዚያን ጊዜ ልኬቶች እየተሰጡት፣ የዓለምን አየር በየሰዓቱ እንደገና ያሰላል። ከ1940 እ.ኤ.አ. ይጀምራል። ለሙቀት፣ ለነፋስና ለአየር ግፊት ድንቅ ነው። ለዝናብ ግን እጠነቀቃለሁ፤ ዝናቡ ከሞዴሉ የሚወጣ ስሌት ነው እንጂ የተለካ አይደለም። አንዱ ሳጥን 31 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ተራራማ አገር ላይ ብዙ ነገር ይጨፈልቃል። ደሴና ኮምቦልቻን አስቡ። በከፍታ ከ500 ሜትር በላይ ይለያያሉ፤ ብርዳቸውም ዝናባቸውም አንድ አይደለም። በኢራ-5 ዓይን ግን አንድ ሳጥን ውስጥ ሊወድቁ ይችላሉ።

አጠቃቀሱ የተወሰነ ነው። መረጃው የሚሰራጨው ኮፐርኒከስ በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የምድር ምልከታ ፕሮግራም በኩል ነው። ከ2025 አጋማሽ ጀምሮ ክሬቲቭ ኮመንስ ባይ 4.0 በተባለው ፈቃድ ይሰጣል፤ ምንጩን መጥቀስ ግዴታ ነው ማለት ነው። የተለመደው መስመር በአማርኛ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «የኮፐርኒከስ የአየር ንብረት ለውጥ አገልግሎትን መረጃ በመጠቀም የተዘጋጀ»፤ ከዚያ ዓመቱ። አማካይ አውጥታችሁ ወይም ካርታ ሰርታችሁ ከሆነ «የተሻሻለ መረጃ ይዟል» በሉ። የአውሮፓ ኮሚሽንም ሆነ ማዕከሉ ለእናንተ አጠቃቀም ተጠያቂ እንዳልሆኑም ጨምሩ። በማጣቀሻ ዝርዝር ላይ የኸርስባክና ባልደረቦቹ የ2020 ጽሑፍ ይግባ።

ሲአርዩ የእንግሊዙ የምሥራቅ አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። ከ1901 ጀምሮ ወርሃዊ ቁጥር ስላለው በተማሪዎች ዘንድ ተወዳጅ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በአቅራቢያ ጣቢያ በሌለበት ዘመንና ቦታ፣ ሲአርዩ ሳጥኑን በ1961–1990 አማካይ ይሞላዋል። ጣቢያ ባልነበረበት ጠረፍ ለ1910 የሚታየው የዝናብ ቁጥር በ1910 የዘነበ ላይሆን ይችላል። «ከ1901 ጀምሮ ዝናቡ አልተለወጠም» የሚል ድምዳሜ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት በሳጥኑ ውስጥ ስንት ጣቢያ እንደገባ አጣሩ። መረጃው የጣቢያዎቹን ብዛት አብሮ ይሰጣል። ያንን ቁጥር ከግራፉ ሥር የጻፈ ሰው ከልቤ አከብረዋለሁ።

ናሳ ፓወር የሚባለውን የናሳ የአየር ጠባይና የፀሐይ ጨረር መረጃም የሚጠቀሙ አሉ፤ በተለይ ስለ ፀሐይ ኃይልና ስለ እርሻ የሚጽፉ። እሱም በአብዛኛው ከሞዴል የሚወጣ ነው። «ናሳ ለካው» አትበሉ።

የቀን አቆጣጠሩ ጣጣ

ይሄ የእኛው የብቻችን ችግር ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገር።

«የ1977 ድርቅ» እና «የ1984 ረሃብ» አንድ ነገር ናቸው። አንዱ በእኛ፣ ሌላው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። ጽሑፉ በአማርኛ፣ መረጃው በእንግሊዝኛ ሲሆን ሁለቱ ይደበላለቃሉ። ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ወሩም አለ። መረጃው ላይ «ጁን» የሚለው ከግንቦት 24 እስከ ሰኔ 23 ነው። እኛ ግን «የሰኔ ዝናብ» ብለን እንተረጉመዋለን። አንድ ሳምንት ይንሸራተታል። በክረምት መግቢያ ላይ አንድ ሳምንት ትልቅ ነገር ነው፤ ገበሬው የሚዘራበትን ቀን የሚወስነው እሱ ነው። ስለዚህ ከግራፉ ሥር «ወራቱ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው፤ ክረምት ማለት ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ነው» ብላችሁ ጻፉ። አያምርም የምትሉ ትኖራላችሁ። ከሚያሳስት ግራፍ ግን ይሻላል።

ሰዓትም አለ። የእኛ ጣቢያ የዝናብ ቀን ከጠዋት 3 ሰዓት እስከ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። በኢራ-5 የሚወጣው የዕለት ድምር ግን ካልቀየራችሁት በግሪንዊች ሰዓት ስለሚቆጠር ቀኑ የሚጀምረው በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው። የአንድ ቀን ጎርፍ ስታወዳድሩ ሁለቱ ዝናቡን የተለያየ ቀን ላይ ሊያስቀምጡት ይችላሉ። የወር ድምር ላይ አይታይም። የጎርፍ ዘገባ ላይ ግን ያሳስታል።

አንድ መስመር ምን ለውጥ ያመጣል?

ኤል አዚዚያ የምትባል የሊቢያ ቦታ አለች። በሴፕቴምበር 13 ቀን 1922 እ.ኤ.አ. 58 ዲግሪ ሴልሺየስ ተመዘገበባት ተብሎ ለ90 ዓመት የዓለም ክብረ ወሰን ይዛ ኖረች። በ2012 የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ክብረ ወሰኑን ሰረዘው። አጣሪዎቹ ዋናውን የመዝገብ ወረቀት አግኝተው ነው ያዩት። ልምድ ያልነበረው ታዛቢ መሣሪያውን አሳስቶ አንብቦ፣ ወደ 7 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጎ ሳይጽፍ አይቀርም ብለው ደመደሙ። ክብረ ወሰኑ በ1913 በአሜሪካው ዴዝ ቫሊ ለተመዘገበው 56.7 ዲግሪ ተላለፈ። ቦታው፣ ቀኑና መዝገቡ ባይታወቁ ኖሮ ማን ያጣራው ነበር?

የኛ ዳሎልም አለች። ከ1960 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. በተለካው መሠረት ሰው በኖረበት ቦታ ከፍተኛው ዓመታዊ አማካይ ሙቀት የተመዘገበባት ተብላ ትጠራለች። ቁጥሩን ፈልጉት። አንዱ ጋ 34.4፣ ሌላው ጋ 34.6፣ ሌላው ጋ በድፍኑ 34 ሆኖ ታገኙታላችሁ። አብዛኛው ጸሐፊ አንዱ ከሌላው ገልብጦ ስለሚሄድ የልኬቱን ዓመታት እንኳ አይጠቅስም። ስለ ዳሎል ስትጽፉ እባካችሁ ዓመታቱን ጨምሩ። የስድስት ዓመት ልኬት እንጂ የዛሬ ቁጥር እንዳልሆነ አንባቢ ይወቅ።

ወደ ምስሎቹ

ለምስል ያለኝ ምክር ከቁጥሩ ይለያል። ቁጥር ላይ የሚያሳስበን ትክክለኛነቱ ነው፤ ምስል ላይ ደግሞ የባለቤትነቱ ጉዳይ ይቀድማል።

ከሁሉ የሚቀለው ላንድሳት የተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ምስል ነው። የመጀመሪያው በ1972 እ.ኤ.አ. መጥቋል። ላንድሳት 5 ደግሞ በ1984 ሥራ ጀምሮ እስከ 2013 አገልግሏል። ስለ ሐይቆች መጉደልና መሙላት፣ ስለ ደን መመናመን፣ ስለ ድርቅ የሚጽፍ ሰው እንዲህ ያለ ረጅም የምስል መዝገብ ሌላ ቦታ አያገኝም። ከ2008 ጀምሮ ሁሉም በነፃ ነው፤ የቅጂ መብትም የለበትም። የሚጠየቀው «ላንድሳት 5 ምስል፣ በአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት ትብብር የተገኘ» ማለት ነው። የተነሳበትን ቀን እናንተ ጨምሩበት። ቀን የሌለው የሳተላይት ምስል ለታሪክ ጽሑፍ ከንቱ ነው።

የናሳ ምስሎችም በአብዛኛው ከቅጂ መብት ነፃ ናቸው። ምንጩን ትጠቅሳላችሁ፤ ዓርማውን ግን እንደ ማስዋቢያ አትጠቀሙም፤ ናሳ ሥራችሁን ደግፏል የሚያስመስል ነገርም አትጽፉም። በናሳ ድረ ገጽ ላይ ያለ ሁሉ የናሳ አይደለም፤ የሌላ ሰው ስም ያለበት ምስል ካለ የዚያን ሰው ፈቃድ ተመልከቱ። የናሳ ምድር ኦብዘርቫቶሪ ምስሎች ሥር ምስሉን ያዘጋጀው ሰው ስምና መረጃው የመጣበት ሳተላይት ለየብቻ ተጽፈዋል። ሁለቱንም ውሰዱ።

የአውሮፓው ሴንቲነል ሳተላይት ምስልም በነፃ ይገኛል፤ ግን መጥቀስ ግዴታ ነው፦ «የኮፐርኒከስ ሴንቲነል መረጃ»፤ ከዚያ ዓመቱ። ከቆረጣችሁት ወይም ቀለሙን ከቀየራችሁ «የተሻሻለ» የሚለውን ጨምሩ። ከላንድሳት ይልቅ ጥርት ያለ ነው፤ ሴንቲነል-2 የጀመረው ግን በ2015 ስለሆነ ለቆየ ታሪክ አይሆናችሁም።

የደመና ምስል ከፈለጋችሁ ሜቴኦሳት የሚባል የአየር ጠባይ ሳተላይት አለ። ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አፍሪካን ከላይ ሲያይ ኖሯል። ባለቤቱ ዩሜትሳት የተባለው የአውሮፓ የሚቲዎሮሎጂ ሳተላይት ድርጅት የቅጂ መብቱን ይዟል። ስለዚህ ስሙንና ዓመቱን ከቅጂ መብት ምልክት ጋር ጻፉ፤ ለንግድ ከሆነ አስቀድማችሁ ሁኔታውን አንብቡ።

አሁን ወደ ብዙዎቻችን ልማድ፦ የጉግል ኧርዝ ስክሪንሾት። መጠቀም ይቻላል። ነገር ግን ከምስሉ ግርጌ የተጻፈውን የባለቤቶች ስም ቆርጣችሁ አትጣሉ። ጉግል ምስሉን ከሌሎች ነው የሚያመጣው፤ እነሱ መጠቀስ አለባቸው። ምርጫ ካላችሁ ግን ዋናውን የላንድሳት ወይም የሴንቲነል ምስል አውርዱ። ቀኑ እርግጠኛ ነው፤ ፈቃዱም ግልጽ ነው።

የሰው ፎቶ ከሁሉ ይከብዳል። የ77ቱ ድርቅ ታዋቂ ፎቶዎች የዜና ድርጅቶችና የፎቶግራፈሮች ንብረት ናቸው። ኢንተርኔት ላይ ስላሉ ነፃ አይደሉም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን የመታውን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ የሚያሳይ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ብታገኙ፣ የለጠፈው ሰው አንሺው ላይሆን ይችላል። «ከፌስቡክ የተገኘ» ማለት ምንጭ መጥቀስ አይደለም። አንሺውን ፈልጉ፣ ጠይቁ፣ መልሱን በጽሑፍ አስቀምጡ። ነፃ ፈቃድ ያላቸው ምስሎች በሚቀመጡበት ዊኪሚዲያ ኮመንስ ድረ ገጽ ላይ ካገኛችሁት ሥራው ይቀላል፤ የአንሺው ስም፣ የፈቃዱ ዓይነትና የገጹ አድራሻ እዚያው አሉ፤ ሦስቱንም ጻፉ። «በተመሳሳይ ፈቃድ አጋሩ» የሚል ካለበት ምስሉን ለውጣችሁ የምታወጡትም በዚያው ፈቃድ መውጣት አለበት።

የት ይጻፍ?

መመረቂያ ጽሑፍ ላይ ብዙ ጊዜ የሚቲዎሮሎጂ ተቋሙ ስም «ምስጋና» ገጽ ላይ ብቻ ይቀራል። ምስጋና ጥሩ ነው፤ ጥቅስን ግን አይተካም። የመረጃ ክፍሉ ውስጥ፣ ከግራፉ ሥርና ማጣቀሻ ዝርዝሩ ላይ መግባት አለበት። ጋዜጣ ወይም መጽሔት ላይ ቦታ ስለሚጠብ ከምስሉ ሥር አጭሩን መስመር፣ ከጽሑፉ መጨረሻ ዝርዝሩን አድርጉ። ቴሌግራም ወይም ፌስቡክ ላይ የሚዞር ምስል ከሆነ ግን ጽሑፉን እዚያው ምስሉ ላይ፣ ጥግ ላይ አትሙት። ምስሉ ከጽሑፉ ተነጥሎ መዞሩ አይቀርም።

ቀለሙ የተፈጥሮ ካልሆነም ተናገሩ። ጤናማ ዕፅዋትን በቀይ የሚያሳይ የሳተላይት ምስል ያየ አንባቢ አገሩ ተቃጥሎ ሊመስለው ይችላል። «ቀዩ ቀለም ልምላሜን ያሳያል» የምትል አንድ መስመር ትበቃለች።

የፎቶው ባለቤት ተፈልጎ ካልተገኘስ? እኔ ብሆን ፎቶውን እተወዋለሁ። በምትኩ የዚያን ሰሞን የላንድሳት ምስል አውርጄ፣ ቀኑን ጽፌ፣ ከሥሩ ጎርፉ ያለፈበትን መስመር አመልክቼ አስገባለሁ።